ከክረምቱ ወረቀት የወጣችው መስመር

የጥርስ ክሊኒኩ በዓመት አራት ጊዜ፣ ወቅት በተቀየረ ቁጥር፣ ለደንበኞቹ አንዲት ወረቀት ይልክ ነበር። ፊትና ጀርባዋ የታተመ፣ ለሦስት የምትታጠፍ ወረቀት ናት። በአንዱ ገጽ የክሊኒኩን አዲስ ነገር ታወራለች፣ በሌላው ስለ ጥርስና ስለ አፍ ጤና ትመክራለች። ምክሩን የሚጽፉት ዶክተሩ ናቸው። ዶክተሩ ሲናገሩ ሦስት ቃል አይሞሉም፤ ብዕር ከያዙ ግን ማቆሚያ የላቸውም። ያንን ሁሉ አንብባ፣ አሳጥራና አሳምራ በኮምፒውተር የምታዘጋጀው እንግዳ ተቀባይዋ ነበረች።

እንግዳ ተቀባይዋ በሥራዋ ስሟ በክፉ ተነስቶ አያውቅም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማን መርፌ እንደሚፈራ፣ ማን ቀጠሮ እንደሚረሳ፣ የማን ልጅ የወተት ጥርሱ እንደተነቃነቀ በቃሏ ይዛዋለች። ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እህቷ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበሩ። እሷ ታላቋን "እትዬ" ትላታለች፤ እትዬ ደግሞ ታናሿ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቷትም "ሚጣ" ትላታለች።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። የቤቷን የፊት ክፍል ለሥራዋ አድርጋዋለች፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት፣ ግድግዳ ሙሉ የተንጠለጠለ ያላለቀ ልብስ አለበት። ወሬ ትወዳለች። ሦስት አራት መርፌ በከንፈሯ ይዛ ሰፈሩን ሁሉ ስታማ ማንም አይቀየማትም፤ የምታማው ፊት ለፊት ነውና። መቀስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ክር በጥርሷ ትበጥሳለች። ሚጣ ስንቴ ተቆጥታታለች። በዚያው አመሏ አንድ ቀን የግራ ጥርሷ ጫፉ ተሸረፈና ስለት ሆኖ ቀረ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ዶክተሩ እንደ ልማዳቸው አራት ገጽ ጽፈው ሰጡ። ለሁለት ዓመት ሲጠበቅ የነበረው የራጅ ማሽን መጥቷል። እሱ እስኪተከል ክሊኒኩ አራት ቀን ይዘጋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ከሰዓት በኋላ ይታያሉ። ከዚያ ምክሩ ይከተላል፦ ብርድ የሚያመው ጥርስ፣ ለጉንፋን ተብሎ ቀኑን ሙሉ የሚመጠጥ ከረሜላ፣ ከጉንፋን በኋላ ብሩሽ ስለ መቀየር፣ በመጨረሻም ስለ አፍ ቁስል። "ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው በቀን ሦስት ጊዜ ይጉመጥመጡ" ይላል። ቀጥሎም፦ "ቁስሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ባያምም እንኳ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ መጥተው ይታዩ።"

ገጹ ሞልቶ ፈሰሰ። ሚጣ ፊደሉን ብታሳንስ አይነበብም፤ የማሽኑን ፎቶ ብታሳንስ ደግሞ አጠገቡ ቆመው ፈገግ ያሉት ዶክተር ጠፉ። እሳቸው ፈገግ ብለው የተነሱት ፎቶ ደግሞ ያ ብቻ ነበር። ስለዚህ የመጨረሻዋን መስመር አወጣቻት። እንደዚያ ደስ በሚል ወሬ መሀል ሰው ማስደንገጥ ምን ያደርጋል፣ የታመመ ሰው መቼም ራሱ ይመጣል ብላ አሰበች። የተዘጋጀውን ለዶክተሩ ስታሳያቸው ጓንት እንዳጠለቁ፣ በር ላይ ቆመው፣ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩና "ጥሩ ነው" አሉ። ወረቀቱም ሄደ።

ክረምቱ አልፎ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚጣ ቀሚስ ልትለካ እትዬ ቤት ሄደች።

"ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ሆድሽን ወደ ውስጥ አትሳቢ፣ እኔ የምለካው እውነቱን ነው" አለች እትዬ ሜትሩን በወገቧ እያዞረች።

ሚጣ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ጆሮዋን አቆመች። "ምን ሆነሽ ነው? አፍሽ ውስጥ ነገር የያዝሽ ይመስላል።"

"ይቺ የተሸረፈች ጥርሴ ምላሴን እየጋጠች አቆሰለችው። ተይው፣ አያምም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ እንጃ። ክረምቱ ሲገባ ገደማ። ምን ያስደነግጥሻል? እያከምኩት ነው እኮ!" ብላ በአገጯ ወደ ግድግዳው ጠቆመች።

ወረቀቱ ከስፌት መኪናው በላይ በመርፌ ተወግቶ ተሰቅሏል። ስለ ጨው ውሃ የሚለው ስር በልብስ መቁረጫ ጠመኔ በሰማያዊ ተሰምሮበታል።

"ሳላስታጉል በቀን ሦስቴ! እህቴ የጻፈችውን እኔ ካልሠራሁበት ማን ሊሠራበት ነው? ከጨው ብዛት አሁን ቀቅለው ቢበሉኝ ጨው አነሳት የሚለኝ የለም።"

ሚጣ ክው አለች። "እስቲ አፍሽን ክፈቺ" አለቻትና የስልኳን መብራት አበራች። በምላሷ ግራ ጠርዝ በኩል የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቁስል አለ። ዳር ዳሩ ነጭ ሆኖ ከፍ ብሏል፣ መሀሉ ቀልቷል። መብራቱን አጠፋች።

"ሰኞ ጠዋት ክሊኒክ እንሄዳለን።"

"ሰኞ የማስረክበው ልብስ አለኝ።"

"እንሄዳለን አልኩሽ፣ እትዬ!"

እትዬ ቀና ብላ አየቻት። ታናሽ እህቷ እንዲህ ጮሃባት አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት ዶክተሩ የእትዬን ምላስ ጫፍ በጨርቅ ይዘው፣ ጎኑን በጣታቸው ዳበሱ፤ ከዚያ መንጋጋዋ ስርና አንገቷን ቀስ ብለው ነካኩ። ሁልጊዜ ሲሠሩ በአፍንጫቸው የሚያንጎራጉሯት ዜማ ቆማለች።

"ስንት ጊዜ ሆነዎት?"

"ሦስት ወር ቢሆነው ነው።"

"ለምን ሳይመጡ ቆዩ?"

"ሐኪሜ ከቤቴ ናት" አለች እትዬ ወደ ሚጣ እየጠቆመች። "ወረቀት ትጽፍልኛለች።"

ዶክተሩ ሚጣን አዩ፤ ሚጣ ወለሉን። ማደንዘዣ ወጉና ከቁስሉ ላይ ለምርመራ የሚላክ ናሙና ቆርጠው ወሰዱ። የተሸረፈውን ጥርስም ሞርደው አለሰለሱላት። ውጤቱ አሥር ቀን ይፈጃል።

እትዬ ከሄደች በኋላ ሚጣ ከመሳቢያ የእጅ ጽሑፉን አውጥታ ዶክተሩ ፊት አኖረችው። "እርስዎ ጽፈውት ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት። "ከመታተሙ በፊት አሳይተሽኛል" አሉ።

"አዎ።"

"ጥሩ ነው ብያለሁ።"

"አዎ፣ ዶክተር።"

"እንግዲያው የሁለታችንም ነው።"

ሚጣ ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። ሸክሙን ለሁለት ስለተካፈሉት አልቀለላትም።

"ስንት ሰው ዘንድ ደርሷል?" አሉ ዶክተሩ።

"አራት መቶ አሥራ ሁለት።"

"በሚቀጥለው ወረቀት ላይ በትልቁ እናወጣዋለን።"

"የሚቀጥለው እስኪደርስ ገና ሦስት ሳምንት አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚጉመጠመጥ ሰው ቢኖርስ?"

ዶክተሩ የስልክ ዝርዝሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። "ደውዪ" አሉ። "ምን እንደሆነ ሲጠይቁሽ አትሸፋፍኚ። የቀረ መስመር አለ በያቸው።"

ደወለች። በስልክ ዝርዝሩ ላይ ከ"ሀ" ጀምራ ወረደች። "የጥርስ ክሊኒኩ ነው። የክረምቱ ወረቀታችን ላይ የቀረ ምክር ስላለ ነው" እያለች። አንዳንዱ ወረቀቱን ጭራሽ አላነበበውም፤ ሰው ሳያነበው ስለቀረ ደስ ሲላት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። አንዷ ስለ ልጇ ጥርስ ሩብ ሰዓት አወራቻት። አንዱ "ሰው በሰላም በተቀመጠበት ምን ታስፈራሪያለሽ!" ብሎ ዘጋባት። በሁለተኛው ቀን ዶክተሩ በምሳ ሰዓታቸው መጥተው ከዝርዝሩ ግማሹን ቆርጠው ወሰዱና በራሳቸው ስልክ መደወል ጀመሩ። እኚያ ሦስት ቃል የማይሞሉ ሰው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ "ደህና ዋሉ? ቤተሰብ እንዴት ነው?" ሲሉ በግድግዳው ይሰማት ነበር።

በአራተኛው ቀን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ስልኩን አነሱ።

"ቁስል እንኳ የለኝም፣ ልጄ። ጉንጬ ውስጥ ነጭ ነገር አለች፣ ቁስል ልበላት ምን ልበላት። በጨው ውሃ ሞከርኳት፣ ወይ ፍንክች!"

"ከቆየች ስንት ጊዜ ይሆናታል፣ አባባ?"

"ኧረ ከርማለች። አታምም እኮ።"

"ነገ ጠዋት ይምጡልኝ። ቀጠሮ አያስፈልግዎትም።"

መጡ። ከእሳቸውም ናሙና ተወሰደ።

የእትዬ ውጤት በአሥረኛው ቀን ደረሰ። ዶክተሩ በሩን ዘግተው፣ ወንበራቸውን ከእሷ ትይዩ አድርገው ነገሯት። ካንሰር ነው። አንገቷን ሲዳስሱ ወደዚያ የወረደ ነገር አላገኙም። ትልቁ ሆስፒታል ሄዳ ቶሎ ማስቆረጥ አለባት።

"ምላሴን?"

"ከፊሉን።"

"ወሬዬንስ?" አለች እትዬ። ማንም አልሳቀም፤ እሷም ለመሳቅ አልሞከረችም። ቆይታ "ቶሎ ብመጣ ኖሮስ?" ስትል ጠየቀች።

ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሱ። "ያኔ ትንሽ ይሆን ነበር። የሚቆረጠውም ሳያንስ አይቀርም። በእርግጠኝነት ግን ልነግርዎ አልችልም።"

ቤት ሲደርሱ እትዬ ነጠላ ጫማዋን ሳታወልቅ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠች። ሚጣ ግን መቀመጥ አልሆነላትም።

"እትዬ፣ አንድ መስመር ነበረች" አለች። "ዶክተሩ ጽፈዋት ነበር። ሁለት ሳምንት ካለፈው ኑ የምትል። እኔ አወጣኋት።"

"ለምን?"

"ቦታ አልበቃ ብሎኝ።"

"ቦታውን ምን ያዘው?"

"ፎቶ።"

"የማን ፎቶ?"

"የራጅ ማሽኑ።"

እትዬ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። እሷ ዝም ስትል ቤቱ የሰው ቤት መሰለ። "አንቺን ማንበብ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ" አለች በመጨረሻ። "እዚህ ወለል ላይ፣ በጠመኔ። አሁን ሂጂልኝ።"

"እትዬ..."

"ሂጂ አልኩ።"

እትዬን ሆስፒታል ይዛት የሄደችው ሚጣ ሳትሆን የእትዬ ሴት ልጅ ናት። ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት ቀን ሚጣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከእትዬ አልጋ በማይታይበት በኩል ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። በደህና ወጥታለች፤ ዳር ዳሩ ንጹሕ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል ሐኪሞቹ።

"እንድገባ ጠየቅሽልኝ?"

"ገና አልነቃችም፣ አክስቴ" አለች ልጅቷ። ቀጥላም ፊቷን ሳታዞር "ብትነቃም እኔ አልጠይቃትም። አንቺው ጠይቂያት" አለች።

ሚጣ ሦስት ቀን በኮሪደሩ ከረመች። በአራተኛው ቀን ሳትጠራ ገባች። እትዬ ፊቷ አብጧል፣ ለጥንቃቄ የተከፈተው አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። አየቻት፤ ዓይኗ ውስጥ ቁጣም ምሕረትም አልነበረም፣ ድካም ብቻ። ከዚያ እግሯን ከብርድ ልብሱ ስር ቀስ ብላ ሰበሰበችና አልጋው ጫፍ ላይ የምትቀመጥበት ለቀቀችላት። ሚጣ እስኪያስወጧት ድረስ እዚያው ተቀመጠች።

የሹፌሩ ውጤት ካንሰር አልሆነም፤ ቢተው ኖሮ ግን ወደዚያው ሊሄድ የሚችል ነገር ነው ተባለና ተቆርጦ ወጣላቸው። ሹፌሩ በየሳምንቱ እየደወሉ "አለሁልሽ፣ ልጄ! አንቺ ባትደውዪ ምን ይውጠኝ ነበር!" ይሏታል። ሚጣ እያመሰገነች ትዘጋለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ዕቃ ቤት ገብታ ትንሽ ቆይታ ትወጣለች። የሚያመሰግኗት ሰው እሷ ያጠፋችውን እንደሚያውቁ ታስታውሳለች፤ ራሷ ናት የነገረቻቸው። ከምስጋናቸው ግን ይህ ምንም አልቀነሰም፣ ከጸጸቷም እንደዚያው።

እትዬ ወደ ስፌቷ የተመለሰችው ከሁለት ወር በላይ ቆይታ ነው። ምላሷ አጥሮ ቃላቱ ይንሸራተቱባታል። ቀልድ ትጀምርና ሰሚው "እ?" ሲላት ትተወዋለች። ክሯን አሁን በመቀስ ትቆርጣለች። ሚጣ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ቁልፍ ትተክላለች፣ ጨርቅ ትተኩሳለች። ስለ መስመሯ ተነጋግረው አያውቁም። አንዳንድ ቀን እትዬ ጭራሽ ዘወር ብላ አታያትም።

አንድ ቀን ከሰዓት ስልኩ ጮኸ፤ አዲስ ደንበኛ ናት። እትዬ እንደ ሰሞኑ ልማዷ ስልኩን ለሚጣ ዘረጋችላት። ሚጣ ተቀብላ "አቤት፣ ልብስ ሰፊዋ ጋ ነው። እሷ አሁን አይመቻትም፣ እኔ ልስማልሽ" አለች።

እትዬ እጇን ከጨርቁ ላይ አነሳች። ሚጣን አየቻት፤ ተነስታ መጥታም ስልኩን ከጆሮዋ ላይ ወሰደችው።

"ሰፊዋ ነኝ" አለች። በወዲያ በኩል ያለችው አልገባትም መሰል፣ "ማን ልበል?" ስትል ድምጿ እስከ ሚጣ ተሰማ።

"ሰፊዋ ነኝ።" ደንበኛዋ አሁንም አልገባትም። የእትዬን ግንባር አላበው። ሚጣ እጇን ልትዘረጋ ስትል እትዬ ጀርባዋን ሰጠቻት።

"ሰ-ፊ-ዋ" አለች ቃሉን በልክ እንደሚቆረጥ ጨርቅ ቀስ ብላ እየለየች። "አዎ። እኔው ነኝ። የወገብሽን ልክ ንገሪኝ። እውነቱን።"