የ«ጭረት» ካርድ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ቃል ለቃሚው» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሰው አፍ ቃል ሲለቅም ኖሮ፣ መዝገበ ቃላቱ ዘንድሮ «ጨ» ላይ ደረሰለት። ሕጉ አንድ ነው፤ ምሳሌ አይፈጠርም። ማን እንደተናገረው፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደተናገረው ካርድ ላይ ይሰፍራል። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፣ ይበለው።

ካርዶቹን ኮምፒውተር ላይ የምትጽፈው የገዛ ልጁ ናት። ሰኞ ጠዋት የ«ጭረት»ን ምሳሌ ጠየቀችው። ትርጉሙና ምንጩ አልቋል፤ ቃሉ «ጫረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ዶሮ መሬት ትጭራለች፣ ሰው ክብሪት ይጭራል፣ ነገረኛ ጠብ ይጭራል። ሐኪም ቤት የማያደርስ ቁስልም ጭረት ይባላል። የጎደለው ምሳሌው ብቻ ነበር። ካርዱ ጠፍቷል አላት።

አልጠፋም። አራት ዓመት በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞት ዞሯል።

ቃሉን የተናገረችው ሚስቱ ነበረች፤ ልብስ ሰፊ። አንድ ቅዳሜ ከስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ሥር የወጣ ሚስማር ቁርጭምጭሚቷን ጫራት። ምን ሆንሽ ቢላት፣ «ተወኝ እባክህ፣ ጭረት ናት፤ ጫማ እንኳ አታስወልቅም» አለችው። እሱ ሆዬ ቁስሉን ትቶ ዓረፍተ ነገሩን ሰማ። እንዲህ ያለ ምሳሌ ስንት ዓመት ሲፈልግ ኖሯል፤ ደስ ብሎት ካርድ አወጣ። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አዮዲን እንዲያወርድላት ለመነችው፤ የእሷ እጅ አይደርስም። አንዴ ልጻፍ አላት። ሕግ ነውና ጎንበስ ብሎ ሚስማሩን አየ፣ እሱንም ጻፈ። ከዚያ ስለ ቃሉ አመጣጥ ሲያወራላት አዮዲኑ ተረሳ። በዘጠነኛው ቀን ቴታነስ ይዟት መንጋጋዋ ተቆለፈ፤ በአሥራ ሦስተኛው ቀበሯት።

ለጠየቀው ሁሉ «ቁስሏን ደብቃኝ ነው» አለ። ልጁም አመነችው፤ አምናም እናቷን ተቀየመች። ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ እያለች አራት ዓመት መቃብሯን አልረገጠችም። ይህን እያየ ካርዱን አላወጣም።

ያን ሰኞ ካርዱ ጠፋ ሲላት ልጅቱ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች።

«ግድ የለም አባዬ፣ የእኛን እንጻፍ» አለችው። «‹እናቴ ጭረቷን ደብቃ ሞተች።› እውነት ነው፣ አልተፈጠረም።»

መጻፍ ጀመረች። እስከ «ደብቃ» ድረስ አያት፤ ከዚያ በላይ አልቻለም። እጁን ወንበሩ ላይ በተሰቀለው ኮቱ ኪስ ከተተና ካርዱን ፊቷ አኖረው።

የእጁን ጽሕፈት ታውቀዋለች። «ተናጋሪ፦ ባለቤቴ። ሁኔታ፦ የዛገ ሚስማር፤ ትንሽ ደም አለ፤ አዮዲን ጠይቃለች።» አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው።

«ጠይቃህ ነበር?»

«ጠይቃኝ ነበር።»

አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት ምንኛ በተሻለው። የጻፈችውን አጠፋችና የእናቷን ቃል ከካርዱ ላይ ቀስ ብላ እስከ «ጫማ እንኳ አታስወልቅም» ድረስ ገለበጠች። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች። ወዴት እንደሆነ ጠየቃት።

«እማዬ ጋ።»

እሱም ኮቱን ሊያነሳ ብድግ አለ።

«አንተ አትምጣ» አለችው። ካርዱን ይዛው ወጣች።