በእርሳስ የተሰረዘችው እህት

አዲሱ የኢሚግሬሽን ሕግ ገና ረቂቅ ነው፤ ይጽደቅ አይጽደቅ የሚያውቅ የለም። የቪዛ ቢሮው መዝገብ ቤት ኃላፊ ግን ደመና ሳያይ ጃንጥላ የሚዘረጋ ሰው ነው። በረቂቁ መሠረት ለወንድምና ለእህት የሚሰጠው ቪዛ ስለሚቀር፣ በዚያ ምድብ ወረፋ የሚጠብቁትን ሁሉ ከወዲሁ በእርሳስ ሰርዙ ብሎ አዘዘ። ሕጉ ከወደቀ በላጲስ ይጠፋል፣ አለቀ ደቀቀ!

በቢሮው ፋይል የምትለየው ሠራተኛ እርሳሷን ቀረጸች። እሷው ያመለከተችላት የታናሽ እህቷ ፋይል እዚያው ወረፋ ውስጥ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ተራዋ ሊደርስ ሁለት ወር ብቻ ቀርቷል። ቢሆንም እንጀራ ነውና መሰረዝ ጀመረች።

ረፋድ ላይ፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር ስለ ወንድሙ የሚነዘንዛቸው ሰዓት ሠሪ መስኮቱ ጋ ቆመ።

«ስለ ወንድምህ ነው? ገና ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«የምን ወንድም?» አለ ግራ ገብቶት። «እኔ ብቸኛ ነኝ። እግሬ ዝም ብሎ አመጣኝ።»

ልትስቅ አለችና ክው አለች። የወንድሙን ፋይል ጠዋት የሰረዘችው ራሷ ነበረች።

ወደ መደርደሪያው ሮጠች። እጀ ፈጣን የሚባለው ባልደረባዋ ቀድሟታል፤ የእርሳሱ መስመር በእህቷ ስም ላይ አልፎ «እህት» እስከሚለው ምድብ ድረስ ተስቧል። ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ እህቴ ደህና ናት?»

«የቷ እህትሽ? ካንቺ ሌላ መቼ ወለድኩና!»

ስልኩን ዘግታ ላጲሱን አነሳች። ፈገፈገች። መስመሩ ደበዘዘ፤ እሷ ግን ፍርሃት ይዟት ደግማ፣ ደጋግማ ፈገፈገች። አሥራ አንድ ዓመት ሲገላበጥ የሳሳው ወረቀት ስሙ ላይ ተቀደደ።

ስልኩ ጮኸ። እናቷ እያለቀሱ ነበር።

«ልጄ፣ ምን ነክቶኝ ነው? ሁለት ናችሁ እኮ! ፊቷ ድቅን አለብኝ። ስሟ ግን ጠፋኝ፤ እስቲ ንገሪኝ፣ ልጥራት።»

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። የእህቷ ፊት ታያት፤ የፊት ጥርሷ ፍንጭት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈኗ ሳይቀር። ስሟን ፈለገችው፣ ፈለገችው፤ አጣችው።

«ንገሪኝ እንጂ!» አሉ እናቷ። «አንቺስ ማን ነበር የምትያት?»