ክረምት ያላየች ባትሪ

ደርበው ስለ አዳዲስ ዕቃ ቪዲዮውን የሚቀዳው ከልብስ መስፊያ ቤቴ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። እሱ ሲጀምር የስፌት መኪናዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። ስለ ስልክም ስለ ሶላርም የማውቀው ሁሉ በዚያ በር ሥር የሾለከ ነው።

አንድ ደንብ ነበረው። በፀሐይ የሚሞላ ዕቃ ማንም ይላክለት፣ ደጋው ላይ፣ ሙጃ ከተማ አክስቱ ዘንድ ክረምቱን ሳያከርመው አይናገርለትም። ሙጃ ጉም ከገባ ፀሐይ ማየት በዕድል ነው። «ላሊበላ በበጋማ ድንጋይም ይበራል» ይል ነበር። ገበሬውም «ደርበው ምን አለ?» ሳይል አይገዛም።

ከዚያ ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ከረመ። ሲመለስ ተከታዮቹ ወደ ሌላ ሄደዋል። በጥር አንድ ነጋዴ በፀሐይ የምትሞላ የእጅ ባትሪ ላከለትና ቶሎ ካላወራላት ለሌላ እንደሚሰጣት ነገረው።

«ጋሽ ሰውአገኝ፣ እስከ ክረምት ማን ይጠብቀኛል?» አለኝ።

«ሙጃስ?»

«ሙጃ ይቀየመኝ እንጂ ምን ያደርጋል» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቀዳ። «ለአባቴ የምሰጣት ባትሪ ናት» አለ፤ ሰጣቸውም። የሄደውም ተመልካች ተመለሰ። ያን ሰሞን ደስ ብሎት ሲያፏጭ እሰማው ነበር።

አባቱ ቄስ ምስጋኑ ተራራው ላይ ባለችው አሸተን ማርያም ነው የሚያገለግሉት። በፍልሰታ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ ኪዳን ሊያደርሱ ሲወጡ የባትሪዋ ብርሃን ጉም ውስጥ ጠፋባቸው። እግራቸው ከድንጋዩ ጠርዝ ሳተ። ዳሌያቸው ተሰብሮ በቃሬዛ ሲያወርዷቸው ደረስሁ።

«አባ፣ የጣለችዎ ይቺ ናት?» አላቸው አንዱ ተሸካሚ፣ ባትሪዋን እያሳየ።

«ኧረ እኔ ነኝ ፀሐይ ያላሞቅኋት። ልጄ የመሰከረላት እኮ ናት።»

ደርበው የቃሬዛውን እግር ይዞ ነበር።

በማግሥቱ ቪዲዮ መቅዳቱን ደጋግሞ ጀምሮ ደጋግሞ ተወው። በመጨረሻ «ክረምት ሳላሳያት መሰከርሁላት። የገዛችሁ፣ እሷን ይዛችሁ መንገድ አትውጡ» አለ። የአባቱን ነገር አላነሣም። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው ዕቃ አልላከለትም፤ ሌሎቹም ነጋዴዎች እሱን ተከተሉ። ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን አነበበልኝ፦ «ስትበላ ዝም፣ ስትጠግብ ንስሐ።»

«እውነቱን ነው» ብሎ ስልኩን አጠፋው።

ሐኪሞቹ ቄስ ምስጋኑ ዳግመኛ ተራራ እንደማይወጡ ተናገሩ። አልጋቸው አጠገብ ያለው መስኮት ወደ አሸተን ያያል። ደርበው ያቺን ባትሪ በየማለዳው ጣሪያዬ ላይ ያሰጣታል፤ አመሻሹ ላይ አውርዶ ይሞክራታል። የሚቀዳው ነገር የለም፤ የሚጠይቀውም ሰው የለም። ቄስ ምስጋኑ ግን ሥራ ፈትቼ ጎራ ስል እኔን ይጠይቁኛል።

«ዛሬስ በራች?»

«አልበራችም አባ።»

«ፀሐይ መቼ ወጣና። መስከረም ይጥባ በለው።»

መስከረም ጠባ። በመስቀል ሰሞን ባትሪዋ በራች፤ ሄጄ ነገርኋቸው።

«አላልሁህም?» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ጉሙ ተገልጦ ነበር፤ እስከ ደብሩ የሚወጣው መንገድ ጥርት ብሎ ይታያል።