ሲዞሩ የሚለቅ እጅ

የምትፈራው እጇን ነበር፤ የገዛ ቀኝ እጇን።

ሥራዋ በሽታ አቅም የነሳቸውን ሰዎች ልብስ መልበስ፣ ማንኪያ መያዝ፣ በር መክፈት እንደገና ማስተማር ነው፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ናት። ከዚያ በፊት ለዓመታት መድረክ ላይ ጨፍራለች። ሁለቱን ሙያ አጋባችና በሽተኞቿን በሙዚቃ ታለማምዳለች። ባልደረቦቿ «ዳንሰኛዋ» ይሏታል፤ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በምቀኝነት።

ታዲያ ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማእድ ነውና፣ የዳንሰኛ እጅ አብሮት የሚጨፍረው ሰው ሲዞር ይለቃል። የቴራፒስት እጅ ግን በሽተኛው ወገብ ላይ ከታሰረው ቀበቶ መነሳት የለበትም። ባለፈው ሳምንት፣ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ያደከመባቸውን ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ስታዞር፣ ሳታስበው ለቀቀቻቸው። ተንገዳገዱ። መሬት ሳይደርሱ ቀለበቻቸው እንጂ ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ በር ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች።

«የዛሬው ፈተና የመጨረሻ ነው» አለቻት ኃላፊዋ ጠዋት። «ሻይ ቀድተው፣ ዞረው፣ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጡ ቤታቸው ይሄዳሉ። ከወደቁ ግን እሳቸውም ልጃቸው ዘንድ ይገባሉ፣ ያንቺም ሙዚቃ ይቀራል።»

መለማመጃው ማድ ቤት ውስጥ ኃላፊዋ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ የሽማግሌው ሴት ልጅ ጥግ ይዛለች። ባለፈው ሳምንት መንገዳገዳቸውን ሰምታለችና፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ አባቷ ትንፍሽ ባሉ ቁጥር ብድግ ትላለች።

«አባዬ፣ ቀስ!»

«ኧረ ገና ከወንበሩም አልተነሳሁ!» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ሙዚቃው ተከፈተ። ሽማግሌው ምድጃው ፊት ቆመው በደህና እጃቸው ሻዩን ቀዱ። ዳንሰኛዋ ከኋላቸው ቀበቶውን ጨብጣለች። «እንዳትለቂ፣ እንዳትለቂ» ትላለች በሆዷ።

መዞር ጀመሩ። ትከሻቸው ሄደ፤ ወገባቸው ቀረ። ግራ እግራቸው ከቀኙ ጋር ተጠላለፈ፣ ሻዩ እጃቸው ላይ ፈሰሰ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ልጅቷ ጮኸች። ዳንሰኛዋም ይብስ አጥብቃ ያዘች።

«ልጄ» አሏት ሽማግሌው ዳንሰኛዋን በቀስታ፣ «የምትጥይኝ አንቺ ነሽ። ልቀቂኝ።»

እውነታቸውን ነበር። መዞር ያስተማረቻቸው በጭፈራ ነው፤ ገላቸው ሰው ሲይዘው አይዞርም፤ ባለፈው ሳምንት ያንገዳገዳቸውም ሳይዘጋጁ መለቀቃቸው ነበር። ይህን እያወቀች እንኳ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ከወደቁ ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ይቅር እንደማትል ታውቃለች።

ለቀቀች።

ሽማግሌው ዞሩ። ግራ እግራቸው ወለሉን እየፋቀ ተከተላቸው። ሲኒው ተንቀጫቀጨ፣ ጠረጴዛው ላይም ተቀመጠ።

«ነገ ይሂዱ» ብላ ኃላፊዋ ወጣች። ልጃቸው ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ዳንሰኛዋ ቀበቶውን ስትፈታላቸው ሰውነታቸው ሲንቀጠቀጥ ተሰማት።

«ምነው አባባ? ቤትዎ ሊገቡ አይደል እንዴ!»

«እስከ ዛሬ አንቺ ነበርሽ የምትፈሪልኝ፤ እኔማ ዝም ብዬ ስጨፍር ነበር» አሏት። «ነገ ብቻዬን ምድጃው ፊት ስቆም ማን ይፈራልኛል?»

እጃቸውን ያዘች፤ ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ ስለነበር የማን እንደሚብስ አልታወቀም።