ዶርካስ የጠራችው ስም

ሬሳው አልደማም። ኬዚያ መዳፏን የዶርካስ ግንባር ላይ አሳረፈች፣ ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ፣ አንዲት ጠብታ ደም የለም። እና እዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉም በላይ የከፋት ማን መሰላችሁ? የሟቿ እህት፣ ታቢታ!

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ። እኛ ማሳቹሴትስ ጠረፍ ላይ ገዳዩ ሲነካው ሬሳ ይደማል ይባላል። ዶርካስን ግን የገደላት የሦስት ቀን ትኩሳት ነው። ታዲያ ኬዚያን ማን አስጠረጠራት? ራሷ ታቢታ ናታ። ለቀስተኞቹ የፖም ጠጅ እየጠጡ "ስትቃዥ የማንን ስም ጠራች?" አሏት። እኛ ጋ በሽተኛ በቅዠቱ የጠራው ሰው፣ በቃ፣ እሱ ነው መተት የሠራበት።

"የኬዚያን" አለች። አልዋሸችም እኮ።

"ጠርጥሬ ነበር" አለች ከለቀስተኞቹ አንዷ፣ እትዬ ፔልተን። "የኛ ቅቤ እምቢ ሲል የሷ ገና ሲነካ ይወጣል።"

"በዚያ ላይ ጸሎት ቤት የሚያስቀምጡት እሷን ከፊት፣ እኛን ከምሰሶ ጀርባ" አለች የእትዬ ፔልተን ጎረቤት። "ግን ቅቤዋን ስትበዪ አላየሁሽም እንዴ?"

"በልቼማ ነው ያወቅሁት። ጤነኛ ቅቤ እንደዚያ አይጥምም።"

እናታቸው ስትሞት ታቢታን ያሳደገቻት ዶርካስ ናት። ፀጉሯን እየጎነጎነች፣ የሰባኪውን ማስነጠስ እያስመሰለች በሳቅ ትገድላት ነበር። ኬዚያ ጎረቤት ከገባች ወዲህ ግን ሳቁ አጥር ተሻገረ። ሁለቱ ወተት መናጫውን እየተቀባበሉ ሲንከተከቱ ታቢታ በመስኮት ታያለች፤ በቅናት ድብን ትላለች። "እኔም ልምጣ?" ስትል፣ "አንቺ እሳቱን ጠብቂ፣ የኔ ሆድ" ትላታለች ዶርካስ።

በመጨረሻው ቀን ደግሞ፣ ታቢታ እጇን ይዛት እያለች፣ "ኬዚያን ጥሪልኝ፣ ናፈቀችኝ" አለች ዶርካስ። ታቢታ አልጠራቻትም። ይቺን ለማንም አልተነፈሰችም።

እትዬ ፔልተን ደም ባይወጣም አልተበገረችም። "በመተት የገደለች ሴትን ሬሳ አያጋልጣትም። ነገ ዳኛው ሲመጣ ታቢታ የሰማችውን ምላ ትናገራለች። ቀሪው የስቅላቱ ገመድ ሥራ ነው።"

ሁለት ወንዶች ኬዚያን ሊወስዷት በር ላይ ቆመዋል። እሷ ግን ወደ ታቢታ ዞረች።

"ታቢቲዬ፣ እውነት ጠርታኛለች?"

"አዎ።"

ኬዚያ ፈገግ አለች። ገመድ እየጠበቃት፣ ስለተጠራች ደስ አላት! ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ከዶርካስ ቆብ ያፈተለከችውን አንዲት ዘለላ ፀጉር ቀስ አድርጋ ወደ ውስጥ መለሰቻት፤ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባት የምትሳሳ ነው የምትመስለው። ታቢታ ከንጋት ጀምሮ አጠገቧ ተቀምጣ ያቺን ፀጉር አላየቻትም ነበር። እንደገና ቅናት፣ እዚያው ሬሳው ላይ።

ነገ ታቢታ "የጠራቻት ናፍቃት ነው" ካለች ኬዚያ ትተርፋለች። ግን አገር ሁሉ ዶርካስ ስትሞት የፈለገችው እህቷን እንዳልነበር ያውቃል፤ ታቢታ ኬዚያን እንዳልጠራችላትም። ናፍቆቱን ከደበቀች ደግሞ ኬዚያ ትሰቀላለች፣ ዶርካስም ለዘላለም የሷ ብቻ ትሆናለች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ቀንታችሁ የምታውቁ ብቻ መልሱልኝ።