ደስ ካለኝ

«ቁስልህ ሦስት ቀን ሙሉ አልታጠበም ማለት ነው?» አለች የሟች ሚስት፣ ቁልፍ ሠሪው አጠገብ ቁጢጥ ብላ። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ቁልፍ ሠሪው ቀኝ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሸሸገ። «ተይው። ለቀስተኛ ይሰማል።»

በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ልብስ ሰፊዎች ግን የራሳቸውን ወሬ ይዘዋል።

«ፀጉር አስተካካያችን ለደስታው የኖረ ሰው ነው» አለ አንዱ። «መሥሪያ ቤቱን ጥሎ የወጣው ደስ አላለኝም ብሎ ነው። እኔንም አንድ ቀን ግማሽ ፀጉሬን ቆርጦ አስቀምጦኝ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል።»

«ግማሽ መላጣ የሆንከው ከዚያ ወዲህ ነው በለኛ!»

ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ።

ቁልፍ ሠሪው አልሳቀም። ሟቹ ፀጉር አስተካካይ ታናሽ ወንድሙ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት እየመጣ ያን የማይድን ቁስል አጥቦለታል። እመጣለሁ ብሎ ግን አያውቅም።

«ነገስ?» ይለው ነበር ቁልፍ ሠሪው።

«ደስ ካለኝ።»

«እንደ ሰው ቃል ግባ እንጂ!»

«ጋሼ፣ ቃል የገባሁለትን ሁሉ ትቻለሁ። ይሄ እንዲቆይልህ ብዬ ነው።»

ሲያጥብ ያፏጭ ነበር። መግል እያጠበ የሚያፏጭ ምን ዓይነት ሰው ነው? አባታቸው ሲሞት ታናሹን ያሳደገው ቁልፍ ሠሪው ነው፤ በቀበቶም ጭምር። ያ ቀበቶ የያዘ ወንድም ኋላ እግሩን ዘርግቶ ይጠብቀው ነበር። ታናሹን ደስ የሚለው ይህ ቢሆንስ? ስድስት ዓመት ይህንኑ ጠረጠረ፤ ስድስት ዓመት እግሩን ሰጠ።

አሁን ከሟች ሚስት በቀር የሚጠይቀው የለም።

«እውነቱን ንገሪኝ። ምኑ ነበር ደስ የሚለው? የእኔ መውደቅ?»

ቀና ብላ አየችው። «ሆዱ ይገለበጥ ነበር፣ ጋሼ። ካንተ ዘንድ መጥቶ ቁርስ አይቀምስም። ነርስ ቅጠርለት ብዬው ነበር።»

«እሱስ?»

«‹ብቀርም ቁርሱ አይወርድልኝም። ምላጭ ይዤ በሰው አገጭ ላይ እሱን ሳስብ ከምውል፣ ሄጄ ብገላገል ምሳዬ ይጥመኛል› አለኝ። ይጥመውም ነበር። ሲበላ ባየኸው።»

«ለምሳው ነዋ!»

«ለምሳውም ነው።»

«ያ ሁሉ ፉጨትስ?»

«እያፏጩ ማስታወክ አይቻልም» አለች።

ቁልፍ ሠሪው ነገሩን እንደማያምነው ቁልፍ አገላብጦ አየው። ጥርሱ አልጎደለም፤ ይከፍታል።

«በል፣ ጓዳ እንግባና ልጠብልህ።»

«ግዴታ የለብሽም።»

«የለብኝም።»

«ደስ ይልሻል?»

«ዛሬ ምንም ነገር ደስ አይለኝም።»

«ነገስ?»

«እንጃ።»

ጓዳ አልገባም። እሷ ውሃ ይዛ ስትመጣ እግሩን ከወንበሩ ሥር አወጣና፣ ልብስ ሰፊዎቹ እያዩት፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ።

«እሱ በዚህ በኩል ነበር የሚጀምረው» አላት፣ ጣቱን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አድርጎ።