ዴስ ፓስኮ ሳይወርድ የሄደበት ጧት

ካንጋሮ መግጨት በእኛ አገር ነውር አይደለም። ዘልላ ከፊትህ ድንቅር ካለች ምን ታደርጋለህ? ነውሩ ሳይወርዱ መሄድ ነው። ወርደህ፣ በሕይወት የተረፈ ግልገል ይኖር እንደሆነ የሆዷን ከረጢት በእጅህ ትፈትሻለህ፤ ከዚያ ሌላው መንገደኛ ደግሞ ሲፈትሽ እንዳይደክም ሬሳው ላይ በቀለም መስቀል ታደርጋለህ። ይህን የአምስት ዓመት ሕፃንም ያውቃል። የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ዴስ ፓስኮም ያውቃል። የዚያን ዕለት ጧት ግን ከግቢው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ መኪናው "ጓ!" ሲል ሰዓቱን አየና ነዳ። የፈተናው አዳራሽ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነበራ! "ጉቶ ይሆናል" አለ ለራሱ። ጉቶ መንገድ መሃል ምን ይሠራል?

ሦስት ሰዓት ላይ ተማሪው ሁሉ አቀርቅሮ ሲጽፍ ዴስ በወንበሮቹ መሃል ይንጎራደድ ነበር። አራተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። የአንዲት ባለ ቀይ ፀጉር ልጅ ሹራብ ሆዷ ላይ ተነፍቷል፤ ደግሞ ይንቀሳቀሳል።

"ነይ ውጪ" አላት በሹክሹክታ።

ስልክ ነበር የጠበቀው። ኮሪደሩ ላይ ሹራቧን ስትገልጥ ግን በትራስ ልብስ የተጠቀለለች፣ ፀጉር እንኳ ያላበቀለች የካንጋሮ ግልገል ብቅ አለች።

"ደንቡን አላነበብሽም?"

"በሩ ላይ ተለጥፎ የለ እንዴ! እንስሳ ይዞ የገባ ከፈተና ይባረራል፤ እንስሳው ለማዘጋጃ ቤት ይሰጣል።" ብሪዮኒ ነበር ስሟ። "እነሱ ደግሞ እንዲህ ያለችውን አያሳድጉም፤ በመርፌ ነው የሚገላግሏት። ከገላዬ ካወረድኳት ውርጩ ይገድላታል። ከፈተናው ከተባረርኩ ደግሞ የነርስነት ትምህርቴ አበቃ። እባክዎ!"

"ከየት አመጣሻት?"

"ከጀርባው መንገድ። እናትየው ገና ትሞቅ ነበር። የገጫት ሰውዬ መውረድ እንኳ አልወረደም! ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ዴስ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። የጥፋት መመዝገቢያ ደብተሩ እዚያ ነው። በሃያ ዓመት ሥራው ውሻ ይዞ የመጣ ፕሮፌሰር እንኳ አሳልፎ አያውቅም። ከደረጃው በኩል የፈተና ኃላፊዋ ኮቴ መሰማት ጀመረ።

"ስጪኝ" አላት።

"ለማዘጋጃ ቤት?"

"ስጪኝ አልኩሽ! ግቢና ጻፊ!"

የሸሚዙን ቁልፍ ፈታና ግልገሏን ሆዱ ላይ አስገባት፤ ኮቱን ከላይ ቆለፈ። ኃላፊዋ ደረሰች።

"አንተ ዴስ፣ ቦርጭህ በአንድ ሌሊት ወለደ እንዴ?"

"ክረምት አይደል፣ ደራርቤ ነው" አላት፤ ላቡ በጀርባው እየወረደ።

ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እጁን ሆዱ ላይ አጣምሮ ተንጎራደደ። ግልገሏ በተራገጠች ቁጥር ይደነግጣል፤ ዝም ስትል ደግሞ የባሰ ይደነግጣል። እፍረት አንገቱ ድረስ ሞላው።

ፈተናው ሲያልቅ ብሪዮኒ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከተለችው።

"እግዜር ይስጥልኝ። እንደርስዎ ያለ ሰው እኮ…" አለችና መኪናውን አየች። የመኪናው የፊት መብራት ተሰብሯል፤ ስንጥቁ ላይ ግራጫ ፀጉር ተይዟል።

የጉቶው ውሸት አሁንም በእጁ ነበር። ሊያወጣው ግን አልቻለም።

"እኔ ነኝ" አላት። "አልወረድኩም።"

"አንተ!" አለችው። ግልገሏን ልትነጥቀው እጇን ዘረጋች፤ ግን ግልገሏ ሸሚዙ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እጇን መለሰች። "ከሰዓት ሌላ ፈተና አለኝ። አንተው ያዛት፤ ወተት በየሦስት ሰዓቱ ነው። ደግሞ ሂድና መስቀሉን አድርግ፤ እኔ ቀለም አልያዝኩም ነበር፤ ሰው ሁሉ እየወረደ ባዶ ከረጢት እየፈተሸ ነው።"

ሄደ። እዚያ ሲደርስ አንዲት አሮጊት መኪናዋን አቁማ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሬሳው አጠገብ ተንበርክካለች።

"ምንም የለም" አለችው ቀና ብላ። "ገጭቷት የሄደው ርኩስ ማን እንደሆነ ባወቅሁ!"

ዴስ የቀለሙን ቆርቆሮ እንደያዘ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ።

"እዚህ አለች" አላት።